ግራው እጅጌ

ክሬን ነጂው እኔ፣ እኔ ነኝ ያወረድኩት፣
በወገቡ አስሬ ካየር ያንጠለጠልኩት፤
አራት መቶ ኪሎ፣ ጥርት ያለ ነሐስ፣
ጉልቬን ሠዓሊው፣ ከነቆብ ከነልብስ።
ከመርከብ እንደሚወርድ እንደ ትልቅ ቱና
ቀስ እያለ ዞረ፣ ገመዱ ረዝሞ ነበርና፤
አንዴ ወደ ባሕሩ፣ አንዴ ወደ ቤቱ፣
አንዴም ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ አበዳሪቱ።

ኬርቬን ትባላለች፣ የብሪታኒ ጠረፍ፣
ከሰርዲን ከጭጋግ በቀር ሌላ የማታተርፍ።
ዕዳው ዛሬም አለ በጥቁሩ መዝገብ፤
ማክሰኞ አንድ ዳቦ፣ ሐሙስ ሌላ ዳቦ፣ ቅዳሜ ባዶ ረኀብ።
ለቁራሽ የታጠፈ የከተማው እጅ
ለሐውልት ሲጠሩት ተዘረጋ በደጅ።
የሞተ አያስቸግር፣ የሞተ አይበደር፤
ነሐስ አይርበውም፣ ነሐስ አይሰክር።

ከንቲባው ፔሪግ ንግግር አደረጉ፣
የወረቀቱን ጫፍ ለንፋስ እየነፈጉ።
ቀራጺው፣ የፓሪሱ፣ ሙሴ ቴልዬ፣
ሻርፑን እያጠበቀ፣ “ይህ” አለ “ሥራዬ
ከራሱ ሥዕል ነው፤ ከመስተዋት ፊት ቆሞ
ራሱን ከሣለው፣ ከዚያ ነው የቀዳሁት፣ አንድ መስመር ሳልቀንስ፣ ምንም ሳልጨምር ደግሞ።”
ጨርቁ ሲገፈፍ ሁሉም አጨበጨበ፣
የባሕር ወፍ መጥቶ ቆቡ ላይ አረበበ።

አዜኖር ብቻዋን አላጨበጨበችም።
ዘጠና አንድ ዓመቷ፤ አጥርታ አታይም።
በልጅነት ዕድሜዋ ልብስ አጣቢ ነበረች፣
ከናቷ ጋር ወንዝ ወርዳ የሱን ሸሚዝ የፈተገች።
ተጠጋች። ዳሰሰች። ጉልበቱን፣ ቀበቶውን፣
ከዚያም ብሩሽ ጨብጦ የቆመ ቀኝ እጁን።
“ይሄ ማነው?” አለች። ዝም አልን።
“ይሄ ማነው? ንገሩኝ፤ ጉልቬን ግራኝ ነበር!
እናቴ ያን እጅጌ ስትረግም፣ ስትማረር፣
የግራው ሰማያዊ በአመድ በሳሙና
አይለቅ! የቀኙማ እንደ ነጭ ደመና።”

ያኔ ነው የገባኝ። መስተዋት ምን ያውቃል፤
ፊቱ የቆመውን ሰው ገልብጦ ያስቀራል።
ሠዓሊው ያየውን ሳያዛባ ሣለው፣
ቀራጺው ሥዕሉን ሳያጎድል ቀረጸው፤
ሁለቱም አልዋሹም፤ ውሸቱ ግን ይኸው።
ከንቲባው ግራ ገባቸው፣ ቀራጺው ግራ ገባው፤
ለነሱ ምን አገባው? ግራስ ለጉልቬን ነው የሚገባው።

“እንደገና ይቅለጥ?” “በጀቱ አልቋል” አሉ፣
“ደግሞስ ማን ያስተውላል” እየተባባሉ
ወደ ግብዣው ነጎዱ፣ ሽሪምፑን ሊበሉ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ወይ በአራተኛው፣ አልቆጠርኩም፣
ክሬኑን ዘግቼ ስወጣ አየሁ፤ መብራት አላበራሁም።
አንዲት ሴት በርጩማ ላይ፣ እየተንቀጠቀጠች፣
የጀልባ ቀለም ይዛ፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣
የግራውን እጅጌ እስከ ክርኑ ቀባች።
በርጩማውን ያዝኩላት። ብዙም አላወራን።
“ትንሽ ከፍ” አለችኝ፣ ነፋሱ ሲመታን።

ጠዋት ከንቲባው ጮኹ፦ “ይጽዳ! ማነው ባለጌ?”
ሎይክ ባልዲ ይዞ ፈተገ ያን እጅጌ።
ቢፈትግ፣ ቢፈትግ፣ አልለቅም አለው፤
ሰማንያ ዓመት አልፎ ሰማያዊው ያው ነው።

እሑድ ዳቦ ቤት ነበርኩ። አዜኖር ሳንቲም ስትቆጥር
አንድ ነገር አየሁ ከጥፍሮቿ ሥር።
ባለሱቋም አይታለች፣ የአበዳሪዋ የልጅ ልጅ፤
ምንም አልተናገረች። አንድ ዳቦ ጠቀለለች፣ ሌላ ጨመረች በዚያው እጅ።
“ሳንቲሙ አይበቃም፤ በማን ስም ልጻፈው?”
አሮጊቷ ሳቀች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ወደሚታየው ሰው።
“በጉልቬን” አለች፤
“ማክሰኞ ይከፍላል።”